እትዬ ማንጠግቦሽን ያስጠረጠራት ሽታ

ሽታ የሚያስፈራው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የሞተ አይጥ ከሆነ ፈልጎ መጣል ነው፤ የተደፋ ወተት ከሆነ መጥረግ ነው። እኔ የምነግራችሁ ሽታ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያዝ አልነበረም። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ከሱቃችን ንጹሕ ሆኖ የወጣ ነጠላ ሰው ትከሻ ላይ ሲሞቅ ከውስጡ ይነሳል። በዚህ ሽታ የተነሳ አንዲት ምስኪን ሴት ከሰው ተራ ልትወጣ ነበር። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ያኔ ኮረዳ ነኝ፤ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል ይሉኝ ነበር፣ አልዋሹም። ከጎጃም አጎቴን ፍለጋ አዲስ አበባ መጥቼ፣ አጎትሽ ጅማ ሄዷል ሲሉኝ መርካቶ ሰባተኛ፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ ስነፋረቅ ያነሳችኝ እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ከጠባቧ ክፍሏ ግማሹን ሰጠችኝ፤ ከአንድ ትሪ አበላችኝ። የምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤትም አስገባችኝ። እሷ ታጥባለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። ባለቤቱ ጋሼ እንድሪስ የወሎ ሰው ናቸው፤ ቁጣቸው ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎ ይጠፋል።

አንድ የውጭ አገር ሰው ሆቴሉን ዘግቶ ሲሄድ ጋሼ እንድሪስ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ገዙት። በጋሪ ተጭኖ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ተቀበለው። ፊቱ ላይ ክብ መስተዋት አለው፤ ልብሱ እዚያ ውስጥ ሲገለባበጥ ይታያል። ሴቶች ለማየት ብቻ ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡ ነበር። ጋሼ እንድሪስ የሰው ዓይን ፈሩ። "ይህ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ እያየው በደህና አይከርምም" ብለው፣ ሥራ ስንጨርስ በሩን ጥርቅም አድርገን እንድንዘጋና በወፍራም ከፋይ እንድንሸፍነው አዘዙን። እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል በላዩ አነጠፈችበት። እንደ ሙሽራ አልብሰነው ነበር ወደ ቤታችን የምንሄደው።

ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የመርካቶ ነጋዴ ሚስቶች ናቸው። ቅቤ በጠጣ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገውት የዋሉትን ነጠላ ያመጡልናል። ሙቅ ውሃ የጥበቡን ቀለም ያለቅቃል ስለሚባል የማሽኑን የሙቀት ማዞሪያ አንድም ቀን ነክተነው አናውቅም፤ በቀዝቃዛ ውሃና በእንዶድ ነበር የምናጥበው። ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ እኛም እንኮራለን።

ከዚያ ክረምት ገባ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ በርበሬ በረንዳ ትልቅ መደብር ያላቸው ሰው ሚስት ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው መጡ። ሰላምታም አልሰጡን።

"ትናንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አጠገቤ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አሉ። ምንድን ነው ብዬ ሳሸት ከእኔ ነው። አስከሬኑ ከቤት ወጥቷል፤ ሽታው ግን እኔ ላይ ቀርቷል።"

ነጠላውን ተቀብዬ አሸተትኩት። ምንም የለውም። "እትዬ በላይነሽ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ነው" አልኳቸው። "ካውያሽን አሳርፊበት" አሉኝ።

ከሰሉን አራግቤ ካውያውን ጠርዙ ላይ አሳረፍኩት። እንፋሎቱ ከመነሳቱ ሽታው አብሮ ተነሳ። ለረጅም ጊዜ ተከድኖ የኖረ ጉድጓድ አፉን እንደከፈተ ያለ ነገር ነው። የሰውነቴ ፀጉር ቆመ። ካውያውን ሳነሳ ጠፋ፤ መልሼ ሳሳርፍ ተመልሶ መጣ። ወይዘሮ በላይነሽ አማተቡ። እትዬ ማንጠግቦሽ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች ቀና ብላ አየችን።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የሚመልስ ሰው አላጣንም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚናገረው፤ ሲቀበሉት ደህና ነው፣ ሲለብሱት ይመጣል። ጋቢያቸውን እኛ ጋ ያሳጠቡ አንድ ሽማግሌ በዚያው ሰሞን ሞቱ። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ታመው የከረሙ ናቸው፤ ግን ወሬ መቼ ይህን ይቆጥራል! "ሽታው ሞት ይጠራል" ተባለ። ጋሼ እንድሪስ ያላደረጉት የለም። ወይራ አጠንን፣ በልብሱ መሃል ጠጅ ሳር አስቀመጥን፣ ሽቶ ረጨን። አንዲት ደንበኛ ጠበል አምጥተው ማሽኑ ውስጥ ሲያፈሱ እንኳ፣ ጋሼ እንድሪስ እስላም ሆነው ሳለ "ያፍስሱ እናቴ፣ የአላህ ውሃ ነው" ብለው በሩን ራሳቸው ከፈቱላቸው። ሽታው ሁለት ቀን ጠፋ፤ በሦስተኛው ብሶበት መጣ። የጨነቀው ሰው መሄጃ ሲያጣ ሰው ይፈልጋል። ሰፈሩም ሰው ፈለገ።

የተገኘችው እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። አባቷ ብረት ቀጥቃጭ እንደነበር አንዲት የአገሯ ሰው አወራች። ቀጥቃጭ ማለት ያን ጊዜ ቡዳ ማለት ነው፤ ማስረጃ አይጠየቅበትም። ሴቶች ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ልጆቻቸውን በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። በጣም የከፋኝ ግን እሱ አልነበረም። ምሳ ስንቀርብ እትዬ ማንጠግቦሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መብላት ጀመረች።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ብይ አንቺ፣ ዝም ብለሽ ብይ።"

ስበላ እንዳታየኝ ብላ መሆኑ ሲገባኝ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። ሰዎቹ እሷን መፍራታቸው አንድ ነገር ነው። እሷም ራሷን መፍራት ጀምራ ነበር።

ነገሩ የፈነዳበት ቀን ሐሙስ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በቀትር መብራት አብርተን ነው የምንሠራው። ወይዘሮ በላይነሽ ከወንድማቸውና ከአንድ ጎረቤት ጋር ገቡ። እሳቸው ላይ ነጠላ የለም፤ እጃቸው ላይ መቀስ አለ።

"ልጄ ታማለች" አሉ። "ሰብለ። እናንተ ያጠባችሁትን ለብሳ ነው የወደቀችው። እሳት የሆነች ልጅ ዓይኗ ተገለበጠ። ትናንት መድኃኒት አጨስንባትና ለፈለፈች።"

ለማያውቅ ልናገር፤ ቡዳ በልቶታል የተባለ ሰው መድኃኒት እያጨሱበት "ማን ነህ? ማን በላት?" ተብሎ ይጠየቃል። በሕመምተኛው አፍ የበላው ሰው ይናገራል ይባላል። ይህ ነው መለፍለፍ የሚባለው።

"ማንን ጠራች?" አሉ ጋሼ እንድሪስ።

ወይዘሮ በላይነሽ ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ዞሩ። "'እኔ ማንጠግቦሽ ነኝ' አለች" አሉ። "በገዛ ልጄ አፍ፣ በማላውቀው ድምፅ። ከቀሚሷ ቁራጭ እንፈልጋለን፤ ይታጠንባታል።"

እኔ ካውያዬን ይዤ መሃል ገባሁ። "አታፍሩም እንዴ! የእናንተን እድፍ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት!" አልኩ። ገና አፌን ሳልዘጋ እትዬ ማንጠግቦሽ በጎኔ አልፋ ወደ ፊት ወጣች። የቀሚሷን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ዘረጋችላቸው።

"ቁረጡ" አለች። "ልጅቷን ካዳናት ሁሉንም ውሰዱት።"

መቀሱ ጨርቁን ሲቆርጥ የነበረውን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ሰዎቹ ራሳቸው ያልጠበቁት ነገር ሆነባቸው መሰል፣ ቁራጩን ይዘው ቶሎ ወጡ። የወይዘሮ በላይነሽ ወንድም ግን በሩ ላይ ዞር ብሎ ጋሼ እንድሪስን፣ "ነገ ጠዋት እንመለሳለን። እዚህ እንዳናገኛት። ካገኘናት ሱቁም ይቅርብዎ" አላቸው።

ጋሼ እንድሪስ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። "ማንጠግቦሽ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔ አላምነውም። ወላሂ አላምነውም። ግን ሰፈሩን ብቻዬን አልችለውም።"

"አውቃለሁ ጋሼ" አለች። ልብሷን በአንዲት ሻሽ መቋጠር ጀመረች። እየተከተልኩ ቋጠሮውን እፈታለሁ፣ እሷ ትቋጥራለች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"እግሬ ወደመራኝ።" ከዚያ ሳታየኝ እንዲህ አለችኝ፦ "አስካለ፣ ሰው ሳያውቀው ይሆናል ይባላል። ዓይኑ በራሱ ይበላል አሉ። ምናልባት አባቴም አያውቅም ነበር። አንቺ ከእኔ ጋር ከገባሽ ወዲህ ከስተሻል፣ አይደል?"

አልከሳሁም፤ እንዲያውም ወፍሬ ቀሚሴ ጠቦኝ ነበር። ግን ስትጠይቀኝ ለአፍታ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ዳሰስኩ። ያን ጊዜ የያዘኝን ብርድ ክረምቱ አላመጣውም። ከዚያ ተናደድኩ። መናደድ ለእኔ ምንጊዜም ከመፍራት ይቀላል። እንባዬን ልጠርግ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳነሳ፣ ከሰውነቴ ሙቀት ጋር ያ የተከደነ ጉድጓድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ነጠላዬ ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ውስጥ የታጠበ ነው።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ የተቆረጠ ቀሚሷን ይዤ አሸተትኩ። ሳሙናና ላብ። እንደገና አሸተትኩ። ሽርጧን ጎትቼ አሸተትኩ። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን አሸተትኩ።

"ምን ነካት ይቺ ልጅ?" አሉ ጋሼ እንድሪስ።

"እትዬ፣ የራስሽን ልብስ በምን ነው የምታጥቢው?"

"በሳፋ ነዋ። የሰው ማሽን በራሴ ልብስ ላደክም?"

"ጋሼ፣ የእርስዎን ጀለቢያስ?"

"እሱንም በሳፋ።" ጋሼ እንድሪስ የጀለቢያቸውን እጅጌ ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። ቆዩበት። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከፋይ ወደለበሰው ማሽን ዞረ። "የሳፋውንም የማሽኑንም የሚያጥበው የአንድ ሰው እጅ ነው፤ የሚሸተው ግን የማሽኑ ብቻ ነው" አሉ።

ከፋዩን ገፈፍኩት። በሩን ስከፍት የወጣው አየር ሞቃት አልነበረም፣ ቀዝቃዛም አልነበረም፤ የሆነ እንስሳ የተነፈሰብኝ መሰለኝ። ባዶ ነው። ብረቱ ያብረቀርቃል። ልጅ ሆኜ ከጉድጓድ እጃችሁን አታስገቡ የተባልነው ትዝ አለኝ፤ ቢሆንም እጄን ሰደድኩ። በሩን ዙሪያውን የያዘው ጎማ እጥፋት አለው። ጣቴን በእጥፋቱ ውስጥ ሳስገባ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ። ያዝኩና ሳብኩት። ፀጉር ነው። የሴት ፀጉር፣ ረጅም፣ በጥቁር ዝልግልግ ተለውሶ፣ እየሳብኩት አያልቅም። ጮኼ ወለሉ ላይ ጣልኩት። ጋሼ እንድሪስ "አዑዙ ቢላህ!" ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። እኔም በሩ ጋ ደርሼ ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ አልሸሸችም። አጎንብሳ አየችው። ከዚያ ቋጠሮዋን አስቀመጠችና፣ "ጋሼ፣ ካቻቪቴና ቁልፍ አለዎት?" አለች።

"ምን ልታደርጊ?"

"ጀርባውን ልፈታው።"

"ፈትተሽ ታውቂያለሽ?"

"ማሽን አላውቅም። ብረት ግን አውቃለሁ" አለች። አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ ብረት እንዳትይዝ ስትጠነቀቅ ኖራለች፤ ቢላዋ የሚያስልላት እንኳ ሌላ ሰው ነው። ያን ዕለት ሶኬቱን ነቅላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታች ወለሉ ላይ ደረደረቻቸው። የኋላውን ቆርቆሮ ስታነሳው፣ ከዚያም ልብሱ የሚሽከረከርበትን በርሜል የያዘውን ክዳን ፈታ ወደ ጎን ስታደርገው፣ ሦስታችንም አፍንጫችንን ያዝን።

በርሜሉ ከፊቱ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ጀርባው ግን በጣት ውፍረት ልክ ተለስኗል። ቢጫ፣ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ድርብርብ ሆኖ። በመሃሉ ፀጉር አለ፣ የነጠላ ቁጭት ክር አለ፣ የእንዶድ ገለባ አለ። እትዬ ማንጠግቦሽ በካቻቪቴው ጫፍ ትንሽ ፍቃ አወጣችና በሁለት ጣቷ መሃል አሸችው። እያሸችው ቀለጠ።

"ቅቤ ነው" አለች።

ጋሼ እንድሪስ ጎንበስ ብለው ጣቷን አሸተቱ።

"ቅቤ ነው፣ አስካለ! የራሳቸው ቅቤ ነው!" መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ በዚያ በቆሸሸ እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።

ስንት ወር ሙሉ የመርካቶ ሴቶች ራስ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ አልሟሟ ብሎ እዚያ ጀርባ ሲጋገር ከርሟል። እኛ ደግሞ ከዓይን ልንጠብቀው ብለን እርጥቡን በር ቆልፈን፣ በከፋይ አፍነን እናሳድረዋለን። ቅቤው እዚያ ጨለማ ውስጥ ይበሰብሳል፤ በማግስቱ የምናጥበው ልብስ በላዩ ያልፋል። ለባለ ሆቴሉ አንሶላ እንዲህ አላደረገም፤ አንሶላ ቅቤ አይቀባማ።

እየመሸ ሳለ ፍቀን ጨረስን። ጋሼ እንድሪስ ራሳቸው ሄደው አቼቶ በጠርሙስ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ማሽኑን መልሳ ገጠመችው። የጎማውን እጥፋት በጨርቅና በአቼቶ አሸን፤ የሙቀት ማዞሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዞርነውና ባዶውን፣ አቼቶ ብቻ አጠጥተን አስነሳነው። መጀመሪያ የወጣው ውሃ የድስት እጣቢ ይመስል ነበር። ደጋገምነው። ውሃው ሲጠራ ነጠላዬን ወረወርኩና ታጠበ፤ ከሰሉ ላይ ይዤ አሞቅኩት። ነጠላ ነጠላ ብቻ ሸተተ። የማሽኑን በር እንደተከፈተ ትተን፣ ከፋዩን ጠቅልለን ጣልነው።

በማግስቱ ጠዋት እንዳሉት መጡ። ከሐሙሱ በዝተዋል። እትዬ ማንጠግቦሽ ከተቆረጠ ቀሚሷ ጋር ሳፋዋ አጠገብ ቆማለች። ከማሽኑ የፋቅነውን በጣሳ አድርጌ ለወይዘሮ በላይነሽ አቀረብኩላቸው።

"ይሽተቱት።"

አሸተቱና ራሳቸውን መለስ አደረጉ። "ይሄው! ይሄ ነው ሽታው! ምንድን ነው?"

"ከራስዎ ላይ ያለው ነው" አልኳቸው።

እጃቸው ሳያውቁት ወደ ሹርባቸው ሄደ። ያን ጠዋት የተቀቡት ቅቤ ጆሯቸው ሥር ወርዷል። ጋሼ እንድሪስ ሁሉንም አስረዷቸው፣ የተፈታውን ዕቃ አሳዩአቸው፣ የታጠበ ነጠላ አሙቀው አስሸተቷቸው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሳቀ። ድንጋይ ይዞ የመጣ ሁለተኛው፣ ድንጋዩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ጣለው።

ወይዘሮ በላይነሽ ግን አልሳቁም። "ሽታውስ ይሁን" አሉ። "ልጄ ስሟን የጠራችውስ?"

ጣሳውን ወደ እኔ ገፉት። ሄዱ፤ እትዬ ማንጠግቦሽም ሳትባረር ቀረች። ሰብለ ከሳምንት በኋላ ከአልጋዋ ተነሳች፤ የያዛት ንዳድ ነበር። ደንበኞቻችን ተመለሱ። እኔ ግን እትዬ ማንጠግቦሽ ልብስ ስትቀበል ዓይኗን ከሰው ላይ ስታሸሽ አያለሁ። ያ "ስሟን የጠራችውስ?" የሚለው ነገር ሱቁ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ልክ እንደ ሽታው፣ ነገሩ ሲሞቅ ይነሳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በሆዴ እጠይቀው ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሰብለ ራሷ ልብስ ይዛ መጣች። ከስታለች፣ ግን ደህና ናት። እትዬ ማንጠግቦሽ ገመድ ላይ ከተሰጡት አንሶላዎች ማዶ ነበረች። ምላሴ አላስቻለኝም።

"ሰብለ፣ ያን ቀን ማን ነገረሽ ስሟን?"

ልጅቷ ደነገጠች። ወደ በሩ አየች። "እነሱ ናቸው" አለች በሹክሹክታ። "ጭሱን አፍንጫዬ ሥር ይዘው ራሴን በነጠላ ሸፈኑኝ። መተንፈስ አልቻልኩም። 'ማንጠግቦሽ ናት? ማንጠግቦሽ ናት?' ይሉኛል። ዝም ስል ይጨምራሉ። የምሞት መሰለኝ። 'አዎ፣ ማንጠግቦሽ ነኝ' ስላቸው ነጠላውን ገለጡልኝ።"

ድምፁስ? አልኳት፤ እናቷ 'የማላውቀው ድምፅ' ያሉት።

"ታፍኜ ነበራ" አለች።

አንሶላው ወደ ጎን ተገፋ። እትዬ ማንጠግቦሽ ቆማለች። ልጅቷ ልትሮጥ ስትል እጇን ያዘቻት፤ በኃይል አይደለም። ለረጅም ጊዜ ፊቷን አየቻት፣ ዓይን ለዓይን፣ እንደዚያ ሰው ስታይ ካየኋት ወራት አልፈው ነበር።

"እኔ እኮ አምኜሽ ነበር" አለቻት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ በየቤታችሁ ማሽን አለ። በሩን ክፍት ተዉለት፣ አታልብሱት፤ ጎማውን ጥረጉ፤ ቅባት ያለበትን ልብስ በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ ሽታ ካመጣ አቼቶ አጠጥታችሁ ባዶውን አሽከርክሩት። ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔ የምጨምርላችሁ ከዚያ ሱቅ ያገኘሁትን ነው። "እከሌ በራሱ አፍ ተናገረ" ሲሉኝ፣ ያን ጊዜ ጭሱን ማን ይዞት ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው አስቸጋሪ ሴት ይለኛል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ከእኔ ጋር ኖረች። ስለዚያ ክረምት አንድ ጊዜ ብቻ አንስታልኛለች። "ያባረሩኝ ቢሆን እሺ ነበር" አለችኝ። "የከፋው እኔም ከእነሱ ጋር ሆኜ ራሴን ላባርር መነሳቴ ነው።"